ሰው እየመረጡ ማክበር

በል ተነሥ፤ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆመህ ስማኝ። ወንበሩን የምሰጥህ ስጨርስ ነው። አባትህ ቢኖር ይህን የሚነግርህ እሱ ነበር፤ እሱ በሌለበት እኔ አጎትህ አለሁ። ጓደኞችህንም የትም አትስደዳቸው፤ አብረው የሳቁ አብረው ይሰማሉ።

ያቺ የሰደብሃት ሴት ከመንደሯ የወጣችው ገና ዶሮ ሳይጮኽ ነው። ምጣድና ጀበናዋን በገለባ ሸፋፍና፣ በገመድ ጠፍራ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ መናኸሪያው በር ስትደርስ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። አንተ ባጃጅህ ውስጥ እግርህን ሰቅለህ ስልክህን ትነካካለህ። «ልጄ፣ ገበያው ድረስ ብትወስደኝ» አለችህ። እንዳልሰማ ሆንህ። ደግማ ስትጠይቅህ ቀና ሳትል «ወንበሬን አፈር ልታለብሺው ነው? ዘወር በይ!» አልሃት። ይህም አልበቃህ። ጓደኞችህ እንዲስቁልህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ያን ቃል ጨመርህበት። እኔ ቃሉን አልደግመውም፤ በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በምን እንደሚሰደብ የማያውቅ የለም።

እሷ አልመለሰችልህም። ሸክሟን ግድግዳው ሥር አውርዳ ገመዱን ፈታች፤ ገለባውን ገለጥ አድርጋ ጀበናዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች ጆሮዋን ጣል አደረገች። የተሰነጠቀ ጀበና ድምፁ ይለወጣል፤ መንገድ ላይ የተነካ እንዳለ መመርመሯ ነው። አንዱን ለብቻው ለይታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ የቀረውን መልሳ አሰረችና በእግሯ ሄደች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ባጃጅህ ቆሞ ነበር፤ ተሳፋሪም አልነበረህም።

ጥቂት ቆይቶ ኮት የለበሰ ሰው መጣ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። አንተ ግን ዘልለህ ወርደህ «ይግቡ ጌታዬ» አልህና ወንበሩን በእጅጌህ ጠረግህለት። የፊት መስተዋትህ ላይ የለጠፍኸው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለታችሁንም ያይ ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ «የዛሬ ልጅ ሥርዓት አያውቅም» ይላል። የዕድሜ እኩዮቼም ጥላ ሥር ተቀምጠው ይህንኑ ሲሉ ይውላሉ። ስለ አንተ ግን ይህ ሐሰት ነው። አንተ ሥርዓት ታውቃለህ። «እርስዎ» ማለት ታውቃለህ፤ በሁለት እጅ መቀበል ታውቃለህ፤ ለማን ዝቅ እንደሚባል ከማንም አብልጠህ ታውቃለህ። ለኮቱ ሰውዬ ያደረግኸውን አይቻለሁ፤ እናትህ ያስተማረችህ አንዱም አልጎደለም። አላዋቂ ቢያጠፋ ይመከራል፣ ይማራል። አንተ ግን አክብሮትን በኪስህ ይዘህ ለማን እንደምትሰጥና ማንን እንደምትነፍግ እየመረጥህ የምትዞር ልጅ ነህ። ሥርዓት አልባነት ከዚህ በብዙ ይሻላል።

እስቲ አያቶችህ ያቆዩልህን አስታውስ። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ይባላል፤ «ኖር!» ይባላል፤ እሱም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። ማሳ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ የሚያርሰውን ገበሬ ሳያውቀውም «በርታ» ይለዋል፤ ገበሬው በሬዎቹን ገታ አድርጎ ሰላምታውን ይመልሳል። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» ነው፤ «ያኑርህ» ነው። ጀርባውን የሰጠ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ታውቃለህና አላበዛብህም። አንዱ ላይ ብቻ ልቆይ፤ እሱ የእምቢታ ሥርዓት ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ከዋሸራ እስከ ዲማ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምዱን ደርቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ኖሯል። ቤቱ ያለው ቁራሽ ይሰጣል። የሌለውስ? የሌለው ወጥቶ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ይላል። ተማሪው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ ግን ተዋርዶ አይሄድም። አያቶችህ ድሃ ነበሩና ከሰጡት የከለከሉት ይበዛል። ስለዚህም መከልከልን አሳምረው ተማሩት። አንተም ለሴትዮዋ «እማማ፣ ዛሬ ሸክላ አልጭንም፤ እግዜር ያድርስዎት» ብትላት ኖሮ እኔ ዛሬ አፌን አልከፍትም ነበር። ባጃጁን የምትነዳው አንተ ነህ፤ አለመጫን መብትህ ነው። በምን ሒሳብ ነው አለመጫኑ ላይ ስድብ የተጨመረው?

አሁን ደግሞ ስለ አያቶችህ እውነቱን ልንገርህ፤ ሁሉን ነገር ቆንጆ አድርጌ ከነገርሁህ ዋሽቻለሁ። «ኖር» የሚባለው ለሁሉ አልነበረም። ባለርስት ሲገባ ቤት ሙሉ ሰው ይነሣል፤ ሸማኔ ሲገባ አንድም ሰው አይነሣም። ቀጥቃጩ ማረሻውን ባይሠራለት የማያርስ ገበሬ፣ ማረሻውን ተቀብሎ ሲመለስ መንገድ ላይ ያማዋል። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጀበና ቡና የሚፈላበት ቤት እሷን ከደጃፉ አያሳልፋትም። ልጇን ለልጁ የሚያጭ የለም። ልጅ ሲታመም በእሷ ዓይን ይሳበባል። አንተ መናኸሪያ ላይ የወረወርኸው ቃል ከቲክቶክ የመጣ አይደለም፤ ከእኛው ምድጃ ዳር የመጣ ነው።

ይህ ነገር ንጉሥ ያስቆጣ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አወጡበት። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን ሳይቀር በየሥራው ስም አውጥተው እንደሚሰድቡት ዘርዝረው፣ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ሔዋን መሆኑን አስታወሱ። ስድቡ በዚሁ ከቀጠለ ማረሻ እንኳ የሚሠራ ሰው ታጥቶ አገር ባዶ ይቀራል አሉ። ገበሬውን ከንጉሥ አስበለጡት። ሠራተኛን የሰደበ ራሳቸውን እንደሰደበ ቈጠሩት፤ ቅጣቱንም የአንድ ዓመት እስር አደረጉት፤ ማሰር የቸገረው ሹም ካለም ሰዳቢውን ወደ እሳቸው እንዲሰድ አዘዙ። ሹሞቹ ለዚህ እንደማይጨክኑ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። ይኸው መቶ ዓመት አልፎት የአዋጁ ቃል መናኸሪያችን አልደረሰም።

ሕግ አለ ትለኝ ይሆናል። አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስድብን ያስቀጣል። ነገር ግን የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። ያቺ ሴት አቤት ለማለት የገበያ ቀኗን ትጣል? ጀበናዋን ማን ይሽጥላት? ማመልከቻውን ማን ይጻፍላት? አንተም ይህ ጠፍቶህ አይደለም። ፖሊሱን አትሰድብም፤ የባንክ ሥራ አስኪያጁን አትሰድብም፤ ጠመንጃ ላነገተውማ ሰላምታውን ሁለት ጊዜ ትመልስለታለህ። ሕጉ አቤቱታን ይጠብቃል፤ አንተ ደግሞ አቤት የማይል ሰው ትመርጣለህ። ተገናኝታችኋል።

ስለ ጠመንጃም ካነሣሁ አይቀር፤ እዚህ አካባቢ ሬሳ የወደቀበትን ነገር ለማስታረቅ ስንቀመጥ፣ ከሥሩ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መሬት ወይም ከብት አይደለም፤ አረቄ ቤት የተወረወረች አንዲት ቃል ናት። «አንተም ወንድ ሆነህ!» ያለው ሰው አፈር ለብሷል፤ የተባለው ጫካ ገብቷል፤ ልጆቻቸው በጎሪጥ ይተያያሉ። ሽማግሌ ደም ለማድረቅ ስንት ዘመን ይመላለሳል። የታጠቀውን ሰው የምታከብረው ይህን ስለምታውቅ ነው። ፍርሃት ነው እንጂ ክብር አይደለም፤ በክብር ስም አትጥራው።

ማንኩሳን ታውቃታለህ፤ ወደ ቡሬ ስትሄድ በየቀኑ መንገደኛ የምትጭንባት ከተማ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ያስወለዱት እዚያችው ማንኩሳ ነው። ፊታውራሪ መሸሻንም እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ታገኛቸዋለህ፤ በአጥንታቸው የሚኮሩ፣ ገበሬውን ከሰው የማይቈጥሩ ባላባት። በመጨረሻ ያው የናቁት ገበሬ ተነሥቶ ይማርካቸዋል። ሰው ይህን ሲያነብ በፊታውራሪ ይስቃል፤ ያ ዘመን አለፈ፣ ባላባት ቀረ ይላል። መሬት ላራሹ በ1967 ዓ.ም. ታወጀ፤ ርስቱም ጉልቱም ሄደ። ፊታውራሪ መሸሻ ግን አልሞቱም። ባጃጅ ይነዳሉ።

በቅርቡ አዲስ አበባ ሄደህ ስትመለስ ምን ብለህ እንዳማረርህ አልረሳሁም። «ጎጄ» አሉኝ አልህ። ስትናገር ይስቁብህ እንደነበር፣ አንዱ ጥበቃ «ፋራ» ብሎ ከበር እንደመለሰህ ነገርኸን። እናትህ ስታዝን አደረች። ያ ሁሉ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው? ከደጋ ዳሞት በጉን እየነዳ የመጣውን ሰውዬ አስፋልት ሲሻገር ስለዘገየ ጥሩምባህን አስጩኸህ «ፋራ!» ስትለው በዚህ ጆሮዬ ሰማሁህ። አዲስ አበባ የጫኑብህን ፍኖተ ሰላም አምጥተህ ደገኛው ላይ አራገፍኸው። እሱስ ማን ላይ ያራግፈው? በጉ ላይ?

 ደግሞ በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ደብረ ማርቆስ ደርሰው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። አምስት ዓመት በመርዝ ጋዝና በእሳት የነደደ ሕዝብ ነበር የተቀበላቸው። በዚያች ዕለት ለሕዝቡ የተናገሩት ግን ለጠላት ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ነበር። ይህን የማነሣው ንጉሥ ለማወደስ አይደለም፤ በሌላ ነገር የምወቅሳቸው ብዙ አለኝ። ወገኑን ለገደለበት ሰው እንኳ ክፉን በክፉ አትመልስ የተባለ ሕዝብ ልጅ መሆንህን እንድታስብ ነው። አንተን የበደለህ ማን ነው? ጀበና የተሸከመች ሴት!

አንዳንዶቻችሁ «እኔ ግልጽ ነኝ፤ የመጣልኝን ነው የምናገረው» ትላላችሁ። ኧረ ተዉ! ግልጽ ከሆንህ ለምን ለአለቃህ አይመጣልህም? ለባጃጁ ባለቤት የቀን ገቢ ስታስረክብ በሆድህ ያለውን መቼ ነግረኸው ታውቃለህ? ግልጽነትህ ድሃ ሲያይ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ሌላ ስም ፈልግለት።

ባለ ስልኮቹ ደግሞ ብሳችኋል። ከቡሬ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በስልኩ የሁለት የቲክቶክ ተሳዳቢዎችን ክርክር እስከ ጥግ ከፍቶት እስክንወርድ ድረስ መንገደኛው ሁሉ የሰው እናት ሲሰደብ ሰማ። ከኋላችን መስቀል የያዙ ቄስ ነበሩ፤ ሕፃን ያዘለች እናት ነበረች። ሰውዬዎቹ የሚሰዳደቡት ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ ተመልካች ስጦታ በላከላቸው ቍጥር ስድቡ ይጨምራል። በውጭ አገር ያለው ወገናችንም ደክሞ ያገኛትን ዶላር ለዚሁ ይልካል። ድሮ ጎጃም ውስጥ መሳደብ ለፈለገ ሰው ቅኔ ነበረለት፤ ሰም አልብሶ ሲወጋህ ቁስሉ የሚሰማህ ቤትህ ከገባህ በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ ያም ቢሆን ስድብ ነበር፤ ምናልባትም የባሰ፣ ምክንያቱም የሚወጋው ቅኔ ያልተማረውን ነውና፤ ደግሞ ሰውየው በራሱ ስድብ ሲስቅ ይታያል። እንዲያው ችሎታው አይካድም። የናንተው ግን ችሎታም የለው።

ቢሮ ተቀምጣችሁ የምትሠሩትም እዚህ መካከል አላችሁ፤ አንገታችሁን አትስበሩ፣ እደርስባችኋለሁ። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው በየቢሮው ደጅ ሲንከራተት ነበር። ከብር ወንዝ ማዶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አደግድጎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ተለጥፏል። ከጽሑፉ ሥር የተቀመጠው ልጅ ቀና ሳይል «አንተ ሰውዬ፣ ነገ ና አልኩህ እኮ፤ አይገባህም እንዴ?» አለው። ሽማግሌው በዕድሜ አባቱን ሳይሆን አያቱን ያህላል። ማዳበሪያው አለመኖሩ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ከላይ ያልመጣ ነገር ከየት ይሰጠዋል? «አባቴ፣ አልመጣም፤ ሲመጣ በቀበሌዎ በኩል እናስነግራለን፤ ይግቡ፣ አይድከሙ» ቢለው ሽማግሌው መርቆት ይሄድ ነበር። ባዶ እጁን መመለሱ አይቀርም፤ ግን ዘሩን ሳይዘራ ክረምቱ ሊያልፍበት የተጨነቀ ሰው ውርደቱን ጨምሮ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ያ ልጅ ይኸው ዛሬ ዞን ላይ ስብሰባ ሲጠራ የመጀመሪያው ብድግ ባይ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ይህን ሁሉ ዘንድሮ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። እናንተም ታውቁታላችሁ። በነዚህ የግጭት ዓመታት በዚህ ዞን ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት ጥቂት ነው። መንገድ ሲዘጋ ለቅሶ መድረስ ያቃተው አለ፤ የወንድሙን መርዶ በወሩ የሰማ አለ፤ ልጇ የት እንዳለ ሳታውቅ ገበያ ወጥታ ሽንኩርት የምትሸጥ አለች። ሁሉም ጥቁር አልለበሰም። አንተ መንገድ ላይ «ዘወር በይ» የምትላት ሴት ትናንት ማንን እንደቀበረች በግንባሯ አልተጻፈም። ድሮ ሰው የሚያውቀውን ሐዘንተኛ ያከብር ነበር፤ አሁን የማታውቀውን ሁሉ እንደ ሐዘንተኛ ቍጠረው። ብትሳሳት የምትከስረው ነገር የለም።

አሁን ቅጣትህን ስማ። «ባለጌን ካሳደገ የገደለ ጸደቀ» የሚል ተረት በአገሩ አለ፤ እኔ አልቀበለውም፤ ብዙ ልጅ በዱላ ያስጨረሰ ክፉ ተረት ነው። አልመታህም። ገንዘብም አልቀጣህም፤ ገንዘብማ ከፍለህ ተገላገልሁ ትላለህ። በሚቀጥለው ገበያ ሴትዮዋ የምትመጣበትን መንገድ ይዘህ፣ ባጃጁ እስከሚገባበት ድረስ ሄደህ ትጠብቃታለህ። ሸክሟን ትቀበላታለህ። «እማማ» ብለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ በቀን ብርሃን፣ ሰው እየሰማ፣ ስትሰድባት እንዳደረግኸው ድምፅህን ከፍ አድርገህ። ሽማግሌ አልልክልህም፤ አፉ ያንተ ነበር። ይቅር ልትልህ ግዴታ የለባትም፤ ዝም ብትልህ ዝምታዋን ተቀብለህ ሸክላዋን አድርሰህ ትመለሳለህ። ያቺን ለብቻዋ የቋጠረቻትን ጀበናም ጠይቀህ ትገዛታለህ፤ በሙሉ ዋጋዋ። ጓደኞችህ ምጣዱን ያወርዳሉ፤ ቀስ ብለው።

አንተን ጨርሻለሁ። ተቀመጥ።

እናንተ ሽማግሎች ግን ቆዩ። ልጁ ሲገሠጽ ከንፈራችሁን እየመጠጣችሁ ስትነቀንቁ አይቻችኋለሁ። የዕድራችን መተዳደሪያ ስብሰባ ያረፈደውን ይቀጣል፤ ቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘውን ይቀጣል። በስንተኛው ገጽ ላይ ነው ከሸክላ ሠሪዎቹ አንድ እንኳ ሳይመዘገብ የቀረበት ምክንያት የተጻፈው? አልተጻፈም፤ ሳይጻፍ ነው የሚሠራበት። ለሠርጋችን ምጣድ ከነሱ ነው፤ ለተዝካራችን ጋን ከነሱ ነው፤ ሰው ሲሞትባቸው ግን ብቻቸውን ይቀብራሉ። በመጪው ወር ስብሰባ ይመዝገቡ ብዬ እነሣለሁ። ማን እንደሚቃወመኝም አውቃለሁ፤ ሁለቱ እዚሁ ተቀምጠዋል። ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያንን ቃል ሳትጠሩ የምትናገሩት ምክንያት ካላችሁ።